"አሳዳጊ የበደለው" የሚባሉት ልጆች፦ ኦቲዝም እና የወላጆች ረጅም ትግል በምሥራቅ አፍሪካ

በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ ብዙ ወላጆች የሚያውቁት አንድ ትዕይንት አለ። የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጎን ተቀምጧል። ረዳቱ የመዳረሻውን ስም እየደጋገመ ይጣራል። ሙዚቃው ከፍ ብሏል፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ያለማቋረጥ ይነፋል። ልጁ ጆሮዎቹን በእጆቹ ይደፍናል፤ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል፤ በመጨረሻም ይጮኻል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ዞር ብሎ ልጁን፣ ቀጥሎም እናቱን ይመለከትና "አሳዳጊ የበደለው!" ይላል።

ስድቡ ለልጁ የተሰነዘረ ይመስላል። የሚወጋው ግን አሳዳጊውን ነው። ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ስላልቀጣችው፣ አባቱ ስላልገሠጸው ነው የሚል ፍርድ በሁለቱ ቃላት ውስጥ አለ። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ይህን ፍርድ በታክሲ፣ በሰርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ፣ አንዳንዴም ከገዛ ዘመዶቻቸው አፍ ይሰሙታል።

ፍርዱ ስህተት መሆኑን ሳይንስ ካረጋገጠ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁንና ዛሬም በአካባቢያችን ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ያለው አገልግሎት በአብዛኛው የተገነባው፣ ጥፋተኛ ተደርገው በተቆጠሩት በእነዚሁ ወላጆች እጅ ነው። ይህ ጽሑፍ ኦቲዝም ምን እንደሆነ፣ ጥፋቱ እንዴት በወላጆች ላይ እንደተጫነ፣ ወላጆች ምን እንደሠሩ እና ብቻቸውን ሊመልሱት የማይችሉት ጥያቄ የቱ እንደሆነ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። በዋናነት የሚገለጸው በሁለት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው ከሌሎች ሰዎች ጋር መግባባትና ማኅበራዊ ግንኙነት መፍጠር መቸገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድን እንቅስቃሴ ወይም ድርጊት መደጋገም፣ በአንድ ነገር በእጅጉ መመሰጥ እንዲሁም የተለመደው የዕለት ሥርዓት ሲቀየር መረበሽ ነው። ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪ፣ ለሽታ ወይም ለምግብ ጣዕም ከተለመደው በላይ ወይም በታች ስሜታዊ መሆንም የዚሁ አካል ነው። ለሌላው ተሳፋሪ ተራ የሆነው የታክሲ ጫጫታ ለዚያ ልጅ ሊሸከመው የማይችለው ሕመም ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ምንም ቃል አይናገሩም። አንዳንዶቹ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ሆኖም የቀልድን፣ የፊት ገጽታንና የአነጋገር ቃናን ትርጉም ለመረዳት ይቸገራሉ። ከፍተኛ ትምህርት ጨርሰው ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ አሉ፤ ለመመገብ፣ ለመልበስና ለመታጠብ ዕድሜ ልክ የሰው እገዛ የሚሹም አሉ። ከኦቲዝም ጎን ለጎን የሚጥል ሕመም፣ የእንቅልፍ ችግር ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሚያጋጥማቸው ጥቂት አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ዙሪያ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረው ይገምታል። ኦቲዝም የሀብታም አገር ወይም የነጮች ብቻ "በሽታ" አይደለም። በድሃ አገሮች ጥቂት መስሎ የሚታየው ልጆቹ ስለሌሉ ሳይሆን መርምሮ የሚለይ ባለሙያ ስለሚያንስ፣ ቤተሰብም ልጁን ከሰው ዓይን ስለሚሰውር ነው።

ምልክቶቹ መቼ ይታያሉ?

ብዙ እናቶች አንድ ነገር እንዳለ የሚጠረጥሩት ከሐኪም ቀድመው ነው። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ ወላጆች መጀመሪያ የሚያስቡትም የመስማት ችግር እንዳለበት ነው። ይኸው ልጅ ግን ከሌላ ክፍል የሚመጣ የማስታወቂያ ሙዚቃ ሲሰማ ሮጦ ይመጣል። ውኃ ሲፈልግ በጣቱ ከማመልከት ይልቅ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ብርጭቆው ይጎትታታል። በመኪና አሻንጉሊት ከመጫወት ይልቅ ጎማውን ሲያሽከረክር ይውላል፤ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪዎችን በመስመር ይደረድራል፤ አንዱ ከቦታው ሲነሳበት ያለቅሳል።

ባለሙያዎች ትኩረት እንዲሰጣቸው ከሚመክሯቸው ምልክቶች መካከል በመጀመሪያው ዓመት ለስሙ ምላሽ አለመስጠት፣ በአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ የሚፈልገውን ወይም የሚያስደስተውን ነገር በጣቱ አለማመልከት፣ ዓይን ለዓይን ግንኙነትን ማስወገድ እንዲሁም የጀመረውን ንግግር ማቆም ይገኙበታል። ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻ ልጁ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው" ወይም "አጎቱም እንዲሁ ነበር" ብሎ መጠበቅ ውድ ጊዜን ያባክናል። መጀመሪያ የልጁን የመስማት ችሎታ ማስመርመር፣ ቀጥሎም ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ ሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ መሄድ ተገቢ ነው።

ኦቲዝምን በደም ምርመራም ሆነ በራጅ ማረጋገጥ አይቻልም። የሚለየው ባለሙያው የልጁን ባሕርይ በጥንቃቄ ተመልክቶ፣ የዕድገት ታሪኩንም ከወላጆቹ ጠይቆ ነው። በዚህም ምክንያት የወላጅ ምስክርነት ከምርመራው ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ነው።

ጥፋተኛ የተደረገችው እናት

ወላጅን መውቀስ የኛ ኅብረተሰብ ብቻ ልማድ አልነበረም። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 በአሜሪካ፣ የ11 ልጆችን ታሪክ አጥንቶ ኦቲዝምን ራሱን እንደቻለ ሁኔታ ሲገልጽ፣ ስለ ወላጆቻቸው ቀዝቃዛነትም ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኦቲዝም የሚመጣው ልጇን ከማትወድ፣ ልቧ እንደ ማቀዝቀዣ ከቀዘቀዘ እናት ነው የሚለው አመለካከት ተስፋፋ። ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ ይበልጥ አሠራጨው። በዘመኑ ባለሙያ ዘንድ የሄዱ እናቶች ልጃቸው የተጎዳው በእነሱ ምክንያት እንደሆነ ተነግሯቸው ይመለሱ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ካፈረሱት ቀዳሚዎች አንዱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ነው። በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝም ሥነ ሕይወታዊ መሠረት እንዳለው ተከራከረ፤ በ1965 ደግሞ ከሌሎች ወላጆች ጋር በአሜሪካ የኦቲዝም ማኅበር አቋቋመ። በብሪታንያም ወላጆች በ1962 ተመሳሳይ ማኅበር መሥርተው ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ሎርና ዊንግ የአእምሮ ሐኪምና ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት ነበሩ። ጥናቶቻቸው ዓለም ስለ ኦቲዝም ያለውን ግንዛቤ ለውጠዋል። ዛሬ ለኦቲዝም መከሰት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ይታወቃል። በአስተዳደግ ጉድለት እንደማይመጣ ደግሞ ሳይንሱ አያወላዳም።

በአካባቢያችን ወቀሳው ሌላ መልክ ይዟል። የልጁ ሁኔታ የእርግማን፣ የቡዳ፣ የርኩስ መንፈስ ወይም የወላጆች ኃጢአት ውጤት ነው ይባላል። ብዙ ቤተሰቦች ከሐኪም በፊት ወደ ፀበል፣ ወደ ጸሎት ቤት ወይም ወደ ሼኽ ዘንድ ይሄዳሉ። እምነት ለደከመ ወላጅ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ከሕክምናና ከትምህርት ጋር ጎን ለጎን ሊሄድም ይችላል። ጉዳት የሚመጣው ልጁ "ክፉ መንፈስ እንዲወጣለት" ሲታሠር ወይም ሲመታ፣ ወይም ለሚጥል ሕመሙ የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ ሲደረግ ነው።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ልጆቹ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የነበረባቸው ናቸው። ከአሳዳጊዎቹ 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እፍረት እንደተሰማቸው፣ 27 በመቶ ያህሉ ደግሞ ነገሩን በምስጢር ለመያዝ እንደጣሩ ተናግረዋል። በጣም የጎደላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የጠቀሱት ትምህርትን ነበር። ከሕክምናም ከገንዘብም ይልቅ ወላጆቹ ልጃቸውን የሚቀበል ክፍል ይፈልጉ ነበር።

በር ያጣች እናት በር ስትከፍት

በኢትዮጵያ የኦቲዝም ጉዳይ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስም ነው። ለዓመታት ከኖሩበት አሜሪካ ወደ አገራቸው ተመልሰው በውበት ሙያ ሥልጠና የታወቁት ወይዘሮ ዘሚ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዞ የሚቆይ ትምህርት ቤት ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደነበር በአደባባይ ተናግረዋል። በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ተከፈተ። ማዕከሉ በአገሪቱ በዓይነቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

ወይዘሮ ዘሚ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ከኛው ፊደል የተነሣ ነበር። በአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል። "አቡጊዳ ፎኔቲክስ" ብለው የሰየሙት ዘዴ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ንግግር ለሚቸገሩ ልጆች ድምፆችን ለማስተማር የታሰበ ነው። ከውጭ የመጣ መሣሪያ እስኪተረጎም ከመጠበቅ፣ ልጁ ቤቱ ከሚሰማው ቋንቋ መነሣት ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው።

ከሁሉ በላይ የሚታወሱት ግን ልጃቸውን ባለመደበቃቸው ነው። በቴሌቪዥንና በራዲዮ ቀርበው ስለ ልጃቸው ያለ እፍረት መናገራቸው፣ ልጃቸውን በቤት ዘግተው ያቆዩ ወላጆች እንዲወጡ ምክንያት ሆኗል። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ሕይወታቸው አልፏል፤ ማዕከሉ ግን ቀጥሏል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከወላጆች ጥረት የተወለደ ነው።

ጎረቤት ኬንያም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። የኬንያ የኦቲዝም ማኅበር በ2003 የተመሠረተው በወላጆች ነው። ወላጆቹ ልጆቻቸው ከሌሎች ተማሪዎች ተነጥለው እንዳይቀሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የኦቲዝም ክፍሎች እንዲከፈቱ ወትውተዋል።

እነዚህ ጥረቶች የሚደነቁ ናቸው፤ ወሰናቸውም ግልጽ ነው። ማዕከላቱ በዋና ከተሞች የተሰበሰቡ ናቸው፤ የሚቀበሉት ልጅ ጥቂት ሲሆን ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው። የገጠር እናት፣ የቀን ሠራተኛ አባት ወይም በስደተኛ መጠለያ የሚኖር ቤተሰብ አይደርስባቸውም።

ወላጆች መልስ ሲያጡ፦ የሚኒያፖሊስ ትምህርት

ወላጅ ጥያቄ ሲያነሳ ተገቢውን መልስ በጊዜው ካላገኘ ምን እንደሚከተል ያሳየ አንድ አጋጣሚ ከአፍሪካ ቀንድ ርቆ፣ ነገር ግን በአፍሪካ ቀንድ ልጆች ላይ ደርሷል። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ የሚኖሩ ሶማሊያውያን ወላጆች ከ2008 አካባቢ ጀምሮ በልጆቻቸው መካከል ኦቲዝም በዝቷል የሚል ስጋት አሰሙ። ጩኸታቸው ተሰምቶ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አደረገ። በ2013 ይፋ የሆነው ውጤት በከተማዋ ከ32 ሶማሊያውያን ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆች ደግሞ አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት አመለከተ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከስታቲስቲክስ አንጻር ትርጉም የሚሰጠው አልነበረም። ይሁን እንጂ ኦቲዝም ካለባቸው መካከል ሶማሊያውያኑ ልጆች የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም አብሮ የሚታይባቸው መሆኑ ጎልቶ ወጣ።

ጥናቱ እስኪመጣ ባለው ክፍተት ግን ሌላ መልስ ገብቶ ነበር። በ1998 ብሪታንያዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ጽሑፉን በ2010 ሰረዘው፤ ሐኪሙም ከሙያ መዝገብ ተፋቀ። ከዚያም በኋላ ዌክፊልድና ሌሎች የክትባት ተቃዋሚዎች የሚኒያፖሊስ ሶማሊያውያን ወላጆችን እየሄዱ አነጋገሩ። በ2004 ከማኅበረሰቡ የሁለት ዓመት ሕፃናት 92 በመቶው ክትባቱን ወስደው ነበር። በ2014 ቁጥሩ ወደ 42 በመቶ አሽቆለቆለ። በ2017 ኩፍኝ ሲቀሰቀስ 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹም ያልተከተቡ ሶማሊያውያን ልጆች ነበሩ።

በተለያዩ አገሮች በብዙ መቶ ሺህ ሕፃናት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ክትባት ኦቲዝምን እንደማያስከትል አሳይተዋል። ኩፍኝ ዛሬም ሕፃናትን በሚገድልበት በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ማወቅ ሕይወት ያድናል። የሚኒያፖሊስ ወላጆችን "ተታለሉ" ብሎ መውቀስ ግን በታክሲ ውስጥ ከሚሰነዘረው ስድብ አይለይም። የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ትክክለኛው መልስ ግን ከሐሰተኛው ዘግይቶ ደረሰ።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ኦቲዝምን "የሚያድን" መድኃኒት የለም። እንዲህ ዓይነት ፈውስ አለኝ ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ልጆች ተገቢውን ድጋፍ ሲያገኙ ይማራሉ፤ ይለወጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ በሌለበት አካባቢ ለሚኖሩ አሳዳጊዎች የሚሆን የሥልጠና መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። መርሐ ግብሩ ዘጠኝ የቡድን ትምህርቶችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። በኢትዮጵያም ከአገሩ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። የሥልጠናው እምብርት ቀላል ነው፤ ልጁን ለማስተማር የተለየ ክፍል አያስፈልግም፤ የቤት ውስጥ የዕለት ሥራ ራሱ ትምህርት ይሆናል።

ቡና ሲፈላ ስኒዎቹን አንድ በአንድ እንዲያቀብል ማድረግ ተራ መጠበቅን ያስተምራል። ልጁ የእናቱን እጅ ሲጎትት "ውኃ" ብሎ በአጭሩ መናገርና ጥቂት መጠበቅ ለቃሉ ዕድል ይሰጣል። ለማይናገር ልጅ የውኃ፣ የምግብና የመፀዳጃ ቤት ሥዕሎችን አዘጋጅቶ እንዲያመለክት ማለማመድ ይቻላል። ሥዕልና ምልክት መጠቀም ልጁን ከመናገር አያሰንፈውም፤ ይልቁንም መግባባትን ያለማምደዋል። ቀኑ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ በሥዕል ቅደም ተከተል ማሳየት ድንገተኛ ለውጥ የሚፈጥረውን ጭንቀት ይቀንሳል።

ልጁ ሲጮኽ "ለምን አስቸገረ?" ከማለት "ምን ሊነግረኝ ፈልጎ ነው?" ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ጥርሱን አሞት፣ ድምፅ በዝቶበት፣ ወይም የልብሱ ስፌት ቆዳውን ፈግፍጎት ሊሆን ይችላል። ዱላ ለዚህ ሁሉ መልስ አይሆንም፤ ሌላ ቃል የሌለው ልጅ ያለውን አንድ ቃል ይቀማዋል እንጂ።

ከልመና ወደ መብት

ብዙ ወላጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት እንደ ለማኝ አንገታቸውን ደፍተው ነው። ርዕሰ መምህሩ ፈቃደኛ ከሆነ ውለታ ዋለልን ይላሉ፤ ካልሆነ ዕድላችን ነው ብለው ይመለሳሉ። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት ሥርዓቱ እንዳይገለል ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2010 አጽድቃለች፤ ኬንያና ኡጋንዳ በ2008 አጽድቀዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ ሀብት እንዲመድብ ይጠይቃል።

በወረቀት ላይ ያለ መብት ሥራ ላይ የሚውለው የሚጠይቀው ሲኖር ነው። በአሜሪካ ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ነጻ ትምህርት የሚያገኙበት ሕግ የወጣው በ1975 ነው። ከዚያ ቀደም በፔንስልቬኒያ የወላጆች ማኅበር ግዛቲቱን ፍርድ ቤት ገትሮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሸንፎ ነበር። በዚያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም የዚህ ድል ተጠቃሚ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ስለ ልጃቸው የትምህርት ዕቅድ ሲሰበሰብ የመሳተፍና አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላቸው። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ያልገባቸውን ወረቀት ፈርመው ይወጣሉ።

በአካባቢያችንም ተሰባስቦ መጠየቅ እንግዳ ባህል አይደለም። ዕድር የሚያቋቁም፣ ዕቁብ የሚጥል ኅብረተሰብ የወላጆች ማኅበርን ለመመሥረት ትምህርት አያስፈልገውም። አንዲት እናት ቀበሌ ብትሄድ ችግሯን ታስረዳለች። ሠላሳ እናቶች ሲሄዱ ግን ጉዳዩ የግል ችግር መሆኑ ይቀርና አጀንዳ ይሆናል።

ከእኔ በኋላስ?

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ሲገናኙ ጨዋታው መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ጥያቄ ያመራል፤ "እኔ ስሞት ማን አለው?" ዓለም አቀፉ የኦቲዝም ቀን ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ ሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ሲታሰብ በብዛት የሚታዩት ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱ ግን ያድጋሉ። በስድስት ዓመቱ ታክሲ ውስጥ ሲጮኽ "ባለጌ" የተባለው ልጅ በሃያ ስድስት ዓመቱ ቢጮኽ ሰዎች ይፈሩታል፤ ፖሊስ ሊጠሩበትም ይችላሉ። የሚያረጋጋው የእናቱ ድምፅ ነበር፤ የእሷ ጉልበትም በየዓመቱ ይደክማል።

ታናሽ እህት ወይም ወንድም ኃላፊነቱን እንዲረከብ ይጠበቃል። ጥቂት ወላጆች ቤታቸውን በልጃቸው ስም ያዛውራሉ። ብዙዎቹ ግን ያላቸው ጸሎት ብቻ ነው፤ አንዳንድ እናቶች ከልጃቸው አንድ ቀን ብቻ ዘግይተው እንዲሞቱ ይመኛሉ። ይህን ምኞት የሚያዳምጥ ሰው የችግሩን ክብደት ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አይሻም።

ወላጆች ማዕከል ከፍተዋል፤ ፊደል አስተምረዋል፤ ጥናት እንዲካሄድ ገፍተዋል፤ የሐኪሞችን ስህተት አርመዋል። ከሞታቸው በኋላ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ግን የለም። ያ ድርሻ የሌላው ነው፤ ለአዋቂዎች የሥራ ሥልጠናና የመኖሪያ አገልግሎት ሊያዘጋጅ የሚገባው መንግሥት፣ በሩን ሊከፍት የሚገባው ትምህርት ቤት፣ ልጁን በስሙ ሊያውቀው የሚገባው ጎረቤት ድርሻ ነው።

የታክሲው ተሳፋሪም ድርሻ አለው። ረዳቱን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ መጠየቅ፣ መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር መልቀቅ፣ ወይም ምንም ሳይሉ ፊትን ወደ መንገዱ መመለስ ይችላል። ያ ልጅ አሳዳጊው አልበደለውም። በየዕለቱ ከእሱ ጋር ታክሲ የሚሳፈር አሳዳጊ አለው።